ሁለቴ የተጻፈው ስም

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለህልኝ? የለንደን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሃለች፣ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

ባለፈው እሁድ በስልክ ያልከኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። "አባዬ፣ የድሮዎቹ የክሪኬት ተጫዋቾች ዛሬ ቢመጡ ኳሷን እንኳን አያይዋትም። የሕንዱ ኮህሊ ሁሉንም ያስከነዳል" አልከኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። ሰንብቼ ሳስበው ግን ብዙ የምልህ ነገር አገኘሁ።

ክሪኬትን ያወቅኩት ሻርጃ ነው። በአውሮፓውያኑ 1998 ካፍቴሪያ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ባልደረቦቼ ከሕንድ፣ የኬረላ ልጆች ናቸው። ኤፕሪል 22 ቀን ሕንድና አውስትራሊያ እዚያው ከተማ ስታዲየም ሲጫወቱ የአሸዋ አውሎ ነፋስ ተነሳ። ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ተኙ። እኛ በሩን ዘግተን ከሥሩ ጨርቅ ጎሰጎስን። እንዲያም ሆኖ አሸዋው ጥርሳችን ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። አቧራው ሲበርድ የሕንዱ ኳስ መቺ ሳቺን ተንዱልካር ተመልሶ ገባና ብቻውን 143 ነጥብ አስቆጠረ። ሻይ ቀጂያችን ማጥለያውን በእጁ እንደያዘ ቲቪው ሥር ደርቆ ቀረ፤ ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። ሕንድ ያን ቀን ተሸነፈች፣ ለፍጻሜው ግን አለፈች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ 25 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ሳቺን 134 አስቆጥሮ ዋንጫውን አስገኘላቸው።

እና ልቤ የሳቺን ነው። አሁን ግን ልቤን ትቼ ልመዝንልህ።

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2:15:16 ገባ። ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጠ። ሰዓቱን ብቻ ካየህ አበበ ከ13 ደቂቃ በላይ ወደኋላ ይቀራል። ታዲያ አበበን ተራ ሯጭ ነበር ትላለህ? አትልም። በዘመኑ ከእሱ የቀደመ አልነበረማ። አውስትራሊያዊውን ዶናልድ ብራድማንንም እንዲሁ እየው።

ብራድማን ከ1928 እስከ 1948 ድረስ 52 ቴስት፣ ማለትም ለቀናት የሚዘልቀውን የአገሮች ግጥሚያ፣ ተጫውቶ አማካዩ (አንድ ጊዜ እስኪወጣ በአማካይ ያስቆጠረው ነጥብ) 99.94 ነው። የሳቺን 53.78 ነው፣ የኮህሊ 46.85። ብራድማን ልጅ ሆኖ የጎልፍ ኳስ ከውኃ ታንከር መቆሚያ ጋር እያጋጨ፣ ነጥሮ ሲመጣ በቀጭን እንጨት ይመታ ነበር። በ1932 እንግሊዞች እሱን ለማስቆም ብለው ኳሱን በቀጥታ መቺው ሰውነት ላይ መወርወር ጀመሩ። ያኔ ሄልሜት የሚባል ነገር የለም። በዚያ ውድድር አማካዩ ወደ 56.57 ወረደ። አየህ፣ ወረደ የተባለው ቁጥር እንኳን ከሳቺን የዕድሜ ልክ አማካይ ይበልጣል። እርግጥ ነው ብራድማን ቴስት የተጫወተው አውስትራሊያና እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ነው። ሳቺን በ16 ዓመቱ ካራቺ ላይ ጀምሮ ያልዞረበት ሜዳ የለም። ይህን አልደብቅህም። ቢሆንም ለእኔ አንደኛው ብራድማን ነው።

ኮህሊንም አላቃልልብህም። በ2023 ሙምባይ ላይ በአንድ ቀን በሚያልቀው የጨዋታ ዓይነት ለ50ኛ ጊዜ መቶ ነጥብ ሞልቶ የሳቺንን ሪከርድ ሲሰብር፣ ሳቺን ተመልካች ወንበር ላይ ነበር። ኮህሊ ወደ እሱ ዞሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ያን ሳይ ዕንባዬ መጣ።

አንድ ሰው ግን አለ፣ በጭራሽ የማታነሳው። ጆርጅ ሄድሊ። ፓናማ ተወልዶ ጃማይካ ያደገ ጥቁር ሰው ነው። ለዌስት ኢንዲስ፣ ለካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን፣ ከ1930 እስከ 1954 ተጫወተ፣ 24 ዓመት ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የደረሰው ቴስት 22 ብቻ ነው። ሳቺንም ከ1989 እስከ 2013 ያው 24 ዓመት ነው የተጫወተው፤ እሱ ግን 200 ቴስት አገኘ። ሄድሊ በ22 ጨዋታ 10 ጊዜ መቶ ሞላ፣ አማካዩ 60.83። በዚያን ጊዜ ለዌስት ኢንዲስ ብዙ ግጥሚያ አይሰጣቸውም ነበር። ከዚያ ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥሩ ዕድሜውን በላው። አምበልነቱም የነጮች ነበር። ለእሱ የደረሰው በ1948 ባርቤዶስ ላይ፣ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ጥቁር ሰው በቋሚነት አምበል እስኪሆን፣ እስከ ፍራንክ ዎሬል፣ 1960 ድረስ ተጠበቀ። ሄድሊን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የተከለከለው ጨዋታ እኮ ከአማካዩ ውስጥ የለም። እናም "የድሮዎቹ" ስትል እሱንም አብረህ እንዳትጥልብኝ ፈራሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሎርድስ ስታዲየም ካለህበት ሩቅ አይደለም፣ ለጎብኚም ይከፈታል። በእንግዳ ቡድን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ እዚያ ሜዳ ላይ መቶ የሞሉ ሰዎች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። 1939ን ፈልግና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሄድሊ በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ 106፣ ቀጥሎ 107 አስቆጥሯል። ስሙ ሁለቴ ነው ያለው፣ ሁለቱም ፎቶው ውስጥ ይግቡ።

አባትህ