የመቻቻል መድረኮች ወደ ቅሬ ይውረዱ

ለአዘጋጁ፦

ደብዳቤዬ በደሴ ከተማ የሃይማኖት መቻቻልን ለማጠናከር ተብለው የሚዘጋጁ መድረኮችን ይመለከታል። ዓላማቸውን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ሆኖም አዳራሹን የሚሞሉት በአብዛኛው ቀድሞውኑ የሚከባበሩ አባቶችና ኃላፊዎች ስለሆኑ፣ በየስልኩ የጥላቻ ንግግር የሚደርሰው ወጣት መልእክቱን ሳይሰማ ይቀራል።

ወሎ ደግሞ ለዚህ የቆየ ሥርዓት አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ፣ ማለትም እንደ እድር ባለ የሰፈር መረዳጃ ማኅበር፣ ታቅፈው ቀብር አብረው ይወጣሉ፤ ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብም ለሁለቱም ወገን በየእምነቱ አሳርዶ፣ ድስቱንና ጭልፋውን ሳይቀር ለይቶ እንግዳውን ያስተናግዳል። ከብዙ ንግግር ይልቅ እኔ የማምነው ይህን ጥንቃቄ ነው፤ ምክንያቱም ደጋሹ የጎረቤቱን እምነት ጠንቅቆ ካላወቀ ሊያደርገው አይችልም። ይህ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ በመሆኑ ወጣቱ ከሥራው ከራቀ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደርና የሃይማኖት ተቋማት ቀጣዩን መድረክ ከቅሬ ዳኞች (መሪዎች) ጋር በመመካከር በየሰፈሩ የቅሬ ስብሰባ ላይ እንዲያካሂዱት፣ በጥምቀትና በመውሊድ በዓላትም የማስተናገዱን ሥራ ከሁለቱም እምነቶች ለተውጣጡ ወጣቶች በጋራ እንዲሰጡ አሳስባለሁ።

አንድ አንባቢ
ከደሴ