በለቅሶ ቤት ለልጆችም ሰው ይመደብላቸው

ክቡር አዘጋጅ፦

በጅማ ከተማ ሰው ሲሞት እድሩ የሚያደርገውን ለአንባቢዎችዎ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት እኩል ቀብር ይወጣል፣ ሐዘንተኛውም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻውን አያድርም። አዋቂን በማጽናናት በኩል ይህን ሥርዓታችንን የሚተካከል እንደሌለ ከልቤ አምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን እናቱ ወይም አባቱ የሞተበት ልጅ በዚያው ድንኳን ውስጥ ቦታ ስለሌለው ነው፤ ለረጅም ዘመን በመምህርነት፣ ዛሬ ደግሞ በእድር ጸሐፊነት ሳገለግል ካየሁት ሁሉ እንደዚህ የሚያሳዝነኝ የለም።

ሕፃኑን ገና መርዶው ሳይነገር «እንዳይደነግጥ» ብለን ጎረቤት ቤት እንልከዋለን፤ ሲጠይቀንም «አዲስ አበባ ሄዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ አንዳንዴም «እግዜር ስለወደዳት ወሰዳት» እንለዋለን። የምንለው በርኅራኄ ነው፤ ልጁ ግን ከአጥር ማዶ ሆኖ ለቅሶውን ይሰማል። በሰፈራችን እናቱ የሞተችበት የስድስት ዓመት ልጅ በሰልስቱ ዕለት ወንበር ስንቆጥር አጠገቤ መጥቶ «ጋሼ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ እማዬ ትመጣለች?» ሲል ጠየቀኝ። ድንኳኑ የተተከለው እሷ በጠፋችበት ቀን ስለሆነ፣ በእሱ ግምት ድንኳኑ ሲነሳ መመለስ ነበረባት።

በዚያ ዕድሜ እንዲህ ማሰብ የተለመደ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሞትን የሚመለሱበት መንገድ አድርጎ ያየዋል፤ ሞት መመለሻ የሌለው፣ ማንንም የማይምር መሆኑን ልጆች በቅጡ የሚረዱት በአብዛኛው ዘጠኝና አሥር ዓመት ግድም ሲሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ያለ ልጅ «ስላስቸገርኳት ነው የሞተችው» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል። «ተኝታለች» የተባለው ልጅ መኝታ ቢፈራ፣ «እግዜር ወሰዳት» የተባለውም እግዜርን ቢቀየም ሊገርመን አይገባም። የሚሻለው የሚወደውና የሚያምነው ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ በአጭሩና በግልጹ፣ እናቱ ታማ እንደሞተች፣ የሞተ ሰው እንደማይተነፍስና እንደማያመው፣ ተመልሶም እንደማይመጣ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ከእንግዲህም ማን እንደሚያበላውና ከማን ጋር እንደሚያድር ቢነግረው ነው። ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ደጋግሞ መመለስ ነው። አልቅሶ ሳያበቃ ኳስ ሊጫወት ቢሮጥ «አልገባውም» አንበል፤ ልጅ ሐዘንን የሚችለው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ፍራሽ ማርጠብ ትቶ የነበረው ልጅ እንደገና ቢጀምር፣ ሆዴን አመመኝ ቢል፣ ከቀሚስ ሥር አልለይ ቢል፣ ይህም ሐዘኑ ነውና ቁጣ አይገባውም።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉት ግን ይብሱብኛል። አባቷ የሞተባት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ንፍሮ ስታዞር፣ ብርጭቆ ስታጥብ፣ ቡና ስታቀርብ ትውላለች፤ ለቀስተኛው አክስቶቿን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» እያለ ሲሰናበት ከእጇ ብርጭቆ ተቀብሎ አልፏት ይሄዳል። ወንድሟን ደግሞ «አሁን የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» እንለዋለን። በአሥራ ስድስት ዓመቱ አባትም ሐዘንም በአንድ ቀን ተጫነበት ማለት ነው። በመምህርነት ዘመኔ እንደታዘብኩት፣ ይህ ልጅ ከወር በኋላ ክፍል ውስጥ ቁጡ ይሆናል፣ ውጤቱ ይወርዳል፣ መቅረት ያበዛል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ከትምህርት ለቀረ ልጅ ጫት መቃሚያው ሩቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የተማሪው ነገር ግን በአብዛኛው በክፍል ኃላፊው መምህር ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። መምህሩ ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ሰምቻለሁ፤ ስትፈልግ መጥተህ አነጋግረኝ» ቢለው ብዙ ነው፤ በተማሪዎች ፊት ግን አይበለው።

እድሮቻችን ለቀብር ሥራው፣ ለድንኳኑ፣ ለወጥ ቤቱ ሰው እንደሚመድቡ ሁሉ፣ ለልጆቹም ቤተሰቡ የሚያምነው አንድ ሰው ይመደብ እላለሁ። ይህ ሰው ልጆቹ እውነቱ እንደተነገራቸው ያረጋግጥ፤ ነፍስ ያወቀውን ልጅ ቀብር መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀው፤ እሺ ካለ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ነግሮት፣ እጁን ይዞ አጠገቡ ይቁም፤ እምቢ ካለ አያስገድደው። ከሰልስት፣ ከአርባም በኋላ፣ የለቀስተኛው እግር ሲጠፋ፣ ልጆቹን ጎራ ብሎ ይጠይቅ። እኔ እንደማየው ትልቁ ጉድለታችን እዚህ ላይ ነው፤ የልጆቹ ጥያቄ የሚበዛው ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነውና።

አንዳንዱ ሐዘን በቤት አይቻልም። ልጁ «እኔም ሞቼ እሷ ጋ ልሂድ» ካለ አንድ ቀን ማደር የለበትም፤ የሚመለከተው ባለሙያ ዘንድ ይቅረብ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ከ6 ወር በላይ ሳይረግብ የቆየና የዕለት ኑሮን ያወከ ብርቱ ሐዘን ሕክምና የሚያሻው ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ለእኛ መንገዱ ሩቅ አይደለም።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን ይህን ሐሳብ ለአባላቱ አቀርባለሁ። በዩኒቨርሲቲው የምታስተምሩና የምታክሙ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች፣ ለአንድ ሰዓት መጥታችሁ መርዶ ለልጅ እንዴት እንደሚነገር ብታስረዱን እድራችን በደስታ ይቀበላችኋል። ጋዜጣዎም ይህንኑ በየዕድሜው ለይቶ የሚያስረዳ የባለሙያ ጽሑፍ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእድር ጸሐፊና ጡረተኛ መምህር
ጅማ