መቼ ነው የምትስበው?

ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ድምፄን ካጠፋሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። መልስ ሳልጽፍልህ አንድ ወር አለፈ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ይቅር በለኝ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ዛሬ ያስጻፈኝ ስላንተ የሰማሁት ነገር ነው። መኪናህ ወደ ቀኝ እየሳበች ከመሪው ጋር ስትታገል ትውላለህ አሉኝ። ሁለቴ የጎማዎቹን አቋም አስለክተህ አላይመንት አሠርተህም ለውጥ የለም። ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አምና እኔም ደርሶብኛል። የኔዋ የምትስበው ወደ ግራ ነበር። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ሌላ ምንም ሳያዩ አላይመንት ሠሩላት። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች። አንድ ቀን ረጅም መንገድ ነድቼ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እጄን ወደ ፊት ግራው ቸርኬ ሳስጠጋ፣ ገና ሳልነካው ግለቱ ገረፈኝ። የቀኙ ለብ ያለ ነው። ለካ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሏል። የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ዝገው ደርቀዋል። የውስጠኛው ሸራ አልቆ ብረቱ ቀርቷል፤ የውጪኛው ግን ገና ግማሹ አለ። ያን ቀን ረጅም ቁልቁለት ገጥሞኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አደራ የምልህ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መቼ እንደምትስብ ለይ። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ የፊት ፍሬኖችን አስፈትሽ፤ አትዘግይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ የምትሄደው የተሻለ ወደሚይዘው በኩል ነው። ወደ ቀኝ ሳበች ማለት የግራው ፍሬን ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ይፍቱልህ። ፍሬን ሳትነካ የምትስብና አንዱ ጎማ የሚግል ከሆነ ደግሞ እንደኔው ያልለቀቀ ፍሬን ሳይሆን አይቀርም። ዲስኩን ግን እንዳትነካው፣ ያቃጥላል።

ነዳጅ ስትሰጥ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ይታያል፤ ሞተሩን የተሸከሙትን ወይም የፊት እግሩን ጎሚኒዎች፣ ማለትም የላስቲክ ትራሶቹን፣ ያሳዩህ።

ፍሬንም ነዳጅም ሳትነካ የምትስብ ከሆነ ከመንገዱ ጀምር። መንገድ ውሃ እንዲወርድለት መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ትንሽ ወደ ዳር ብትል ጤነኛ ናት። ሜዳ የሆነ ሰፊ ቦታ ፈልግና ሄደህም ተመልሰህም ሞክራት። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ቀኝ ካለች ችግሩ የራሷ ነው።

ከዚያ የጎማ አየር። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመች በኋላ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ለካ። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል ፍሬሙ ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነውና እሱን እንዳትከተል። አየር የጎደለው ጎማ ወደ ራሱ ይስባል።

አየሩ ልክ ሆኖ አሁንም ከሳበች፣ ይሄን ሙከራ ሳታደርግ ሌላ ገንዘብ እንዳታወጣ፦ የፊት ቀኙንና የፊት ግራውን ጎማ አቀያይር። አሁን ወደ ግራ ከሳበች፣ ወይም ጭራሽ መሳቡን ከተወች፣ ጥፋቱ የጎማው ነው። ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሲሠራ ትንሽ ዘንበል ሊል ይችላል፤ አዲስ ጎማ እንኳ እንዲህ ያደርጋል። አላይመንት ይሄን አያስተካክልም። ያንተም ይሄ ይመስለኛል። ጎኑ ላይ የመሽከርከሪያ ቀስት ያለበት ከሆነ ግን ግራና ቀኝ አታቀያይረው፤ በዚያው በኩል ፊቱን ከኋላው ጋር ቀይር። ብሎኖቹንም በመስቀለኛ እያሰርክ አጥብቅ፣ ጥቂት ነድተህ ደግመህ እያቸው።

ጎማው ተቀይሮም ያው ወደ ቀኝ ካለች፣ ያኔ አላይመንት። ከዚያ በፊት ግን በመሪውና በእግሩ መገጣጠሚያዎች፣ በቴስቲናውና በባልጆይንቱ፣ እንዲሁም በጎሚኒዎቹ ላይ ልል ነገር እንደሌለ፣ የተሰበረ ሞላም እንደሌለ ይታይ። ላላ ባለ እግር ላይ የተሠራ አላይመንት አይቆይም። ሠርተው ሲጨርሱ የበፊቱንና የአሁኑን ልኬት በወረቀት ጠይቅ። የግራና የቀኙ ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት ልክ፣ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያየ ለምን ብለህ ጠይቃቸው። ካስተሩንም፣ ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለበትን ልክ፣ እየው። ቶው፣ ማለትም የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር፣ በብዛት ጎማ ይበላል እንጂ ብቻውን እምብዛም አይስብም፤ እሱን ብቻ አስተካክለው እንዳይሸኙህ።

እስኪለይልህ ድረስ በፍጥነት አትንዳ። ጎማውን ካቀያየርክ በኋላ ወደየት እንደሳበች ጻፍልኝ። በዚያው ማታ እመልስልሃለሁ።

የዘወትር ወዳጅህ