ግልጽ ደብዳቤ ለሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፦ ሕጉ የፈቀደልንን አስከብሩልን

ለሕግ ማስከበር ክፍሉ ኃላፊ፣

አቤቱታዬን በእንግሊዝኛ ደጋግሜ ልኬልዎታለሁ፤ የድምፅ ቅጂውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ አያይዤ። የመጣልኝ መልስ «ደርሶናል» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን በአደባባይ፣ በራሴ ቋንቋ እጽፋለሁ። እዚህ አሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን በግል በሬዲዮ የመነጋገር ፈቃድ፣ ያላቸው ወገኖቼም ይስሙት።

ማታ ማታ በ3885 ኪሎኸርዝ በኤኤም፣ የሞገዱን ጉልበት ከድምፁ ጋር ከፍና ዝቅ በሚያደርገው በቀድሞው ዘዴ፣ ከሚነጋገሩት አንዱ ነኝ። ቦታው የኤኤም ሰዎች መገናኛ መሆኑን አማተር ሁሉ ያውቃል። በብርዱ ወቅት አንድ ምሽት፣ አንድ አዛውንት ስለ ባለቤታቸው ቀዶ ሕክምና ይነግሩን ነበር። ማሰራጫቸው በቫልቭ የሚሠራ፣ ራሳቸው የገጣጠሙት ነው። ድምፃቸው ሞላ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። በመሃል አንድ ሰው 1 ኪሎኸርዝ ያህል ፈቀቅ ብሎ ድምፅ የሌለበት ባዶ ሞገድ ለቀቀባቸው። ሁለቱ ሞገዶች ሲገናኙ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይወጣል። 5 ኪሎኸርዝ ሸሸን። ተከተለን። እንደገና ሸሸን፤ እንደገና ተከተለን። አዛውንቱ «በቃ፣ ደህና እደሩ» ብለው ዘጉ። የባለቤታቸውን ነገር ሳይጨርሱልን።

የእናንተው ደንብ፣ ክፍል 97፣ ሆን ብሎ የሌላውን ግንኙነት ማወክ ክልክል ነው ይላል። ኤኤምንም ይፈቅዳል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ታዲያ በስልክ ያነጋገረኝ ሠራተኛችሁ «ለምን ወደ ኤስኤስቢ፣ ወደ ጠባቡ የድምፅ መላኪያ ዘዴ፣ አትቀይሩም?» ሲለኝ ምን ልበል? ተበዳዩ እኔ፣ ቦታ ለቃቂውም እኔ?

ኤኤም በሞገዱ ላይ 6 ኪሎኸርዝ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ኤስኤስቢ የዚያን ግማሽ። እውነት ነው። ለዚህም ነው በጥቂት ቦታዎች ተሰብስበን የምንነጋገረው። የሚያውከን ሰው ችግር የቦታ ጥበት ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ሄዶ ያወራ ነበር እንጂ እየተከተለ አያፏጭብንም።

ደንብ ማክበሩንስ ከእኛ በላይ ማን አከበረ? እ.ኤ.አ. በ1983 የኃይል መለኪያው ወደ ጫፍ ኃይል፣ ማለትም ማሰራጫው ለአፍታ ወደሚደርስበት ከፍተኛ ኃይል፣ ተቀየረ። ኤኤም በቀድሞው መለኪያ እንዲቆይ የተሰጠው ጊዜ በ1990 አበቃ። የ1500 ዋት ጣሪያ ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን በኤኤም ድምፁ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ጫፉ የተሸካሚውን፣ ድምፁ የሚጫንበትን ሞገድ፣ ኃይል 4 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ለእኛ የሚቀረን ተሸካሚ 375 ዋት ነው። ከፋን፤ ግን ተቀበልነው።

ልጅ ሆኜ አባቴ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዜና በአጭር ሞገድ ሲከታተል አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ያም ኤኤም ነበር። ማንም ሰው ተራ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይዞ ይሰማዋል። ኤስኤስቢን በዚያው ሬዲዮ ቢከፍቱት ቃሉ አይለይም። እኔ ይህን ድምፅ እወደዋለሁ። ፈቃድ ያወጣሁትም ለእሱ ብዬ ነው።

ሞገድ ከየት እንደሚለቀቅ የምታውቁበት መሣሪያ አላችሁ። ሰውየውን ፈልጉት፤ በስሙ ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት። ለእኔም በጽሑፍ መልሱልኝ፦ በኤኤም የሚነጋገር ባለፈቃድ የደንቡ ጥበቃ አለው ወይስ የለውም? የለውም የምትሉ ከሆነ ፈርማችሁ ላኩልኝ።

አንድ ባለፈቃድ አማተር
ሜሪላንድ