ይድረስ ለብርቄ፦ ስለ ልጅሽ ድራጎን ወለል

ብርቄዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ከተጠፋፋን ሁለት ፋሲካ አለፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰበብ አልደረድርም። ወሬሽን የሰማሁት ከታናሽ እህትሽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤትሽ ውስጥ ጢማም እንሽላሊት ገብቷል አሉ፤ ልጅሽ «ድራጎኔ» እያለ ይጠራዋል፤ አንቺ ደግሞ «ሳጥኑ ውስጥ ምን ላንጥፍለት?» ብለሽ ብትጠይቂ አምስት ሰው አምስት ዓይነት መልስ ሰጥቶሽ ግራ ገብቶሻል። ናፍቆቱን በስልክ እንወጣዋለን። ይኼኛው ግን ቁጥር ስለሚበዛበት በጽሑፍ ይሻላል።

«የካልሲየም አሸዋ» የሚባለውን ባለቀለም ከረጢት ገዝተሽ ከሆነ ሳትከፍቺው መልሺው። «ቢውጠውም ይፈጭለታል» እየተባለ ይሸጣል። ነገሩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሰው ቃር ሲይዘው የሚያኝከው ኪኒን ውስጥ ያለው ማለት ነው። የጨጓራውን አሲድ ያረክሰዋል፣ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይጓጉላል። ካልሲየም ያነሰው እንሽላሊት ጣዕሙን ፈልጎ ይልሰዋል፤ እና አብዝቶ የሚበላው ያው አብዝቶ የሚጎዳው ይሆናል። ከእሱ ጋር እነዚህንም ተያቸው፦ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ጠርዙ ስለት ስለሆነ አንጀት ይቧጥጣል፤ የሴዳርና የፓይን ፍቅፋቂ ሽታው ውስጥ ያለው ዘይት ሳንባ ያስቆጣል፤ የጥንቸል መኖ እንክብል ሲረጥብ ይሻግታል፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪም ሆድ ውስጥ ያብጣል።

ሰዉ አሸዋ የሚገዛው «የበረሃ እንስሳ ነው» ብሎ ነው። የጢማሙ ድራጎን አገር የአውስትራሊያ መሐል ነው፤ ደረቅ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን የአሸዋ ክምር አገር አይደለም። እግሩ የሚረግጠው በአብዛኛው ፀሐይ ያደረቀው ቀይ፣ ሸክላማ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ሲለው የወደቀ ግንድና የአጥር እንጨት ላይ ወጥቶ ይሞቃል። ለእሱ የተፈጥሮ ወለል ማለት ጥፍር የሚይዝበት ጠንካራ መሬት ነው። የሱቅ ልቅ አሸዋ ለዓይኑም ለአንጀቱም እንግዳ ነው።

አሁን ስለ አንጀት መደፈን፣ ምክንያቱም ምርጫሽን የሚወስነው እሱ ነው። ጢማም ድራጎን አካባቢውን የሚያውቀው በምላሱ ነው፤ መሬቱን ይልሳል፣ ነፍሳት ሲያድን ደግሞ ከሥር ያለውን አብሮ ይጎርሳል። ጤነኛ፣ በደንብ የሞቀና ውኃ ያልጎደለው ትልቅ እንስሳ ትንሽ አፈር ቢውጥ ከኩሱ ጋር ያወጣዋል። የሚደፈነው ሌላ ነገር ሲደረብበት ነው። መብራቱ ደካማ ሆኖ ሆዱ ካልሞቀ ምግቡ አይፈጭም። የዩቪ-ቢ መብራት (እንደ ፀሐይ ያለ ጨረር የሚሰጠው) እና ካልሲየም ካነሰው አጥንቱ ብቻ ሳይሆን የአንጀቱ ጡንቻም ይዝላል። ውኃ ካጠረው ኩሱ ይደርቃል። ስለዚህ አሸዋውን ብቻ አውጥተሽ ሙቀቱን ሳትለኪ ብትተዪ ግማሹን ሥራ ነው የሠራሽው። ትንሽ ልጅ እያለ ደግሞ ብዙ ነፍሳት ይበላል፣ አንጀቱም ቀጭን ነው፤ ለዚህ ነው በሕፃንነቱ ልቅ ነገር ጨርሶ የማይነጠፍለት።

እህትሽ ገና ሦስት ወሩ ነው ብላኛለች። እንዲህ ከሆነ ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት ወረቀት አንጥፊለት፣ ሌላ ወጪ አታውጪ። ያልታተመበት ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ወይም ፔፐር ታወል በሁለት ድርብ ይበቃል። ውበት የለውም፣ ልጅሽም ያኮርፋል፤ ግን አዲስ እንስሳ ሲገባ ኩሱን በየቀኑ በግልጽ ማየት አለብሽ። ጤነኛው ኩስ ቡናማና ቅርጽ ያለው ሆኖ ጎኑ ላይ ነጭ፣ ለስላሳ ነገር አለው፤ ሽንቱ ነው። ነጩ እንደ ጠመኔ ከደረቀ ውኃ አንሶታል። ከቀጠነና ከከረፋ ግን ከዕለቱ ኩስ ጥቂት በትንሽ ፕላስቲክ ይዘሽ ተሳቢ እንስሳት የሚያይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስና የወስፋት እንቁላል ይመረምርለታል። ኮክሲዲያ ካለበት ወረቀቱን በየቀኑ ጥቅልል አድርገሽ መጣል ትችያለሽ፤ አፈር ውስጥ ከገባ ግን አይወጣም፣ አፈሩን በሙሉ መጣል ነው።

ወረቀቱን በፕላስተር እንዳታጣብቂው። ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቀውና ቆዳው ላይ ይለጠፋል፣ ሲነቀል ቅርፊቱን ይዞ ይነሳል። ጠርዙን አጥፈሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጪበት። ክሪኬት (ምግቡ የሆነውን ፌንጣ መሰል ነፍሳት) ስትሰጪው ወረቀቱ ሥር ስለሚደበቅ በጎድጓዳ ሳህን አቅርቢለት፣ የተረፈውን ማታ ልቀሚ፤ የራበው ክሪኬት የተኛ እንሽላሊትን ጣት ይነክሳል።

ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ወደ ትልቁ ቤት ይገባል። ለአንድ አዋቂ ዝቅተኛው መጠን 4 ጫማ በ2 ጫማ፣ ከፍታው 2 ጫማ ነው፤ በሜትሩ 120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ለዚህኛው ምርጫዬ ሴራሚክ ነው፣ አልወላውልም። በሱቅ የሚሸጠው «የእንሽላሊት ምንጣፍ» ከሩቅ ያማረ ነው፤ ቀለበት ያለው ክሩ ጥፍሩን ይይዛል፣ ሲደነግጥ ጎትቶ ጥፍሩን ይነቅለዋል፣ ኩሱም ክሩ ውስጥ ይገባል። አርቲፊሻል ሣሩም ያው ነው፦ የተመዘዘ ክር ጣቱ ላይ ይጠመጠምና ደሙን ያግደዋል። ተልጦ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ደግሞ መብራቱ ሥር ሲሞቅ ሙጫው ይሸታል።

ሴራሚኩን ከቤት ግንባታ ዕቃ መደብር ግዢ፤ «ለእንሽላሊት» የሚል የተጻፈበትን ከፈለግሽ እጥፍ ትከፍያለሽ። የምትፈልጊው የማያብረቀርቅ፣ ላዩ ሻካራ ፖርሰሊን ነው፤ «ስሌት» የሚባለውን ጥቁርማ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚመስሉት ጥሩ ናቸው። የሚያብረቀርቀው እግሩን ያንሸራትተዋል፤ የኋላ እግሩ እየተከፈተ ይራመዳል፣ መገጣጠሚያውም ይጎዳል። ሱቁ ውስጥ በጥፍርሽ ፈትሺው፦ ጥፍርሽ ያዝ ካደረገ ውሰጂው፣ ከተንሸራተተ ተዪው። እንደ መሞረጃ የሻከረውም አይሁን፣ ሆዱን ይፍቃል። ያልተቀባ የአሸዋ ድንጋይ ሽንት ስለሚመጥ አይሆንም።

12 ኢንች በ12 ኢንች የሆነው 8 ቁራጭ ለ4 በ2 ጫማ በትክክል ይበቃል ይመስላል፤ ግን የሳጥኑ የውስጥ ልክ በግድግዳው ውፍረት ያንሳል። መጀመሪያ ውስጡን ለኪ፣ የጠርዞቹን መደብሩ እንዲቆርጥልሽ ጠይቂ፣ አንድ ሁለት መጠባበቂያ ጨምሪ። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። ሳጥኑ ታቹ መስታወት ከሆነ ሴራሚኩ እንዳይጭረውና ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ ሥሩ ስስ ፎም ወይም ጥቂት ድርብ ወረቀት አድርጊ። በሲሚንቶ አታጣብቂው፣ አንስተሽ የምታጥቢው መሆን አለበት። ክፍተት ከቀረ ክሪኬት ይሸጎጥበታል፤ ጠጋ አድርገሽ ደርድሪና ቀሪውን ስንጥቅ በደቃቅ አሸዋ ሙዪው። ታቹ እንጨት ከሆነ ግን ዙሪያ ማዕዘኑን ለዓሣ ገንዳ በሚሆን ንጹሕ የሲሊኮን ማጣበቂያ ዝጊው፤ ፀረ ሻጋታ የተጨመረበት መርዝ አለው። የኮምጣጤ የሚመስለው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ፣ ሦስት ቀን ያህል፣ እንሽላሊቱ አይግባ።

የሴራሚክ ትልቁ ጥቅሙ እንደ ምጣድ መስማቱ ነው። ከላይ መብራቱ ሲመታው ሙቀቱን ይይዛል፣ እንስሳውም ሆዱን ለጥፎበት ይሞቃል። ያው ጥቅሙ ግን ያቃጥላል፤ ስለዚህ የአየሩን ሳይሆን የሴራሚኩን ገጽ ሳይነካ በሚለካው በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለኪ። መብራቱ ሥር ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በእናንተ ፋራናይት ከ100 እስከ 108 ይሁን። በሌላኛው ጫፍ ከ24 እስከ 29፣ ማለትም ከ75 እስከ 84። ከበለጠ መብራቱን ከፍ አድርጊ ወይም በደካማ ቀይሪ። ከሴራሚኩ ሥር የሚሞቅ ሽቦ ወይም «የሚሞቅ ድንጋይ» የሚባለውን አታስገቢ፤ ተሳቢ እንስሳ ከሥሩ የሚመጣ ሙቀት ሲያቃጥለው ቶሎ አይሸሽም፣ ሆዱ ተቃጥሎ የሚታወቀው ቆዳው ሲጠቁር ነው።

አንድ ነገር ሴራሚክ አይሰጠውም፦ መቆፈር። ለእሱ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነና ጥልቀቱ 20 የሚሞላ የፕላስቲክ ሣጥን ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ አስቀምጪ። የሚሞላው 60 በመቶው ተራ የጓሮ አፈር (ማዳበሪያና ነጭ ፍርፋሪ የሌለበት)፣ 40 በመቶው ታጥቦ የደረቀ የልጆች መጫወቻ አሸዋ ነው። ውኃ አርከፍክፈሽ እንደ ምርጊት ጭቃ አሽው፤ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ውኃ የማያንጠባጥብ ሲሆን ልክ ነው። ሴት ከሆነች ይህ ቅንጦት አይደለም። ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች፤ የምትቆፍርበት ካጣች እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ ይዛ ልትሞት ትችላለች። ሳታቋርጥ የሴራሚኩን ጥግ ስትቧጥጥ ካየሽ ነገሩ ይኸው ነው፤ ያኔ አፈሩ እርጥብ፣ ጥልቀቱም ወደ 30 የተጠጋ ይሁን።

እንሽላሊቱ ካደገ በኋላ ልጅሽ ሙሉውን ወለል አፈር ማድረግ ከፈለገ አልከለክልም፤ እንስሳው ከዓመት በላይ ሆኖ ጤናማና ሙቀቱ የተስተካከለ ከሆነ መልካም ነው። ግን ሒሳቡን እይው። 120 በ60 ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 72 ሊትር ነው፤ ወደ 43 ሊትር አፈርና 29 ሊትር አሸዋ። ክብደቱ ከ100 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ጠረጴዛው ይችላል? ሲነጠፍ እርጥብ ሆኖ በእጅ ተደልድሎ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ መብራቱ በርቶ በርካታ ቀን ይደርቃል። ደርቆ እንደ ምድር ከጠነከረ ተሳክቷል፤ ከተበተነ አሸዋው በዝቷል፣ ሸክላማ አፈር ጨምሪ። ከባድ ድንጋይ አፈሩ ላይ አይቀመጥም፤ መጀመሪያ ድንጋዩ የሳጥኑን ታች ይረግጣል፣ አፈሩ ኋላ ዙሪያውን ይሞላል። አለበለዚያ ከሥሩ ሲቆፍር ይናድበታል።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ኩሱ እንደታየ በወረቀት ይነሳል፣ ቦታው በሙቅ ውኃ ይጠረጋል። በወር አንዴ እንስሳውን አውጥተሽ ሴራሚኩን አንሺ፤ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ ለ10 ደቂቃ ይቆይበት፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ ይድረቅ። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር አታደባልቂ፣ መርዝ ጋዝ ያወጣል። እና የምለምንሽ፦ የእሱ ዕቃ በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ። ጤነኛ መስሎም ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያስይዝ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ትንሿ ልጅሽ ገና አምስት ዓመት ካልሞላት እንስሳውንም ዕቃውንም ባትነካ ይሻላል፣ ትልቁም በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ምንም ብታነጥፊ እነዚህን ካየሽ ወለሉን ረስተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፦ እየበላ ሳምንት ያህል ኩስ ካልወጣ፣ እያማጠ ምንም ካላወጣ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ የኋላ እግሩን መጎተት ከጀመረ። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነና ንቁ ከሆነ ሐኪም ዘንድ እስክትደርሺ እስከ ትከሻው በሚደርስ 32 ዲግሪ ገደማ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ አቁሚው፣ ከአጠገቡ ሳትለዪ። ዘይት በግድ አታጠጪው፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። እግሩን ከጎተተ ግን አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ራጅ ይነሳ።

አሁን ሁለት ነገር ጻፊልኝ፦ የሳጥኑን የውስጥ ርዝመትና ስፋት፣ እና መብራቱ ሥር የሚያሳየውን ዲግሪ። የሴራሚኩን አቆራረጥ እኔ አስልቼ ሥዕሉን እልክልሻለሁ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ እንሽላሊቱን እንድትቀርብ ግን አታስገድጃት።

ያንቺው ወዳጅ