ለደከማችሁ የማኅበራችን አባላት

ውድ እኅት ወንድሞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ጽዋ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ጸሎት እንኳ አልመጣ አለኝ» ስትሉ አንጀቴን በላው። እኔም አልፌበታለሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ ለኪዳን ጸሎት በማለዳ መነሣት ሲያቅተኝ ስንቴ አለቀስኩ!

ኤልያስን አስቡት (1ኛ ነገሥት 19)። ክትክታ ዛፍ ሥር ሆኖ ሞቱን ለመነ። መልአኩ ግን አልተቆጣውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጓዘ።

ስለዚህ እንቅልፋችሁን ተኙ፤ ምግባችሁን ብሉ። የዕለቱን ዳዊት መጨረስ ካቃታችሁ «አቤቱ ማረኝ» ብቻ በሉ። ለንስሐ አባታችሁም ንገሯቸው። ብቻ ዝም ብላችሁ አትጥፉብን። መምጣት ላልቻለ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበልና ዳቦውን ይዘን ቤቱ እንሄዳለን።