ስለ ደምበጉይና ታንኮችና ስለ ፎቶግራፎቻችን አቀራረብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሲደርስ የምታወጧቸውን የጦርነት ዘመን ፎቶግራፎች በጥሞና ከሚመለከቱ አንባቢዎቻችሁ አንዱ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ የታንክ ሞዴሎችን እሠራለሁ፤ ስለ አሠራራቸውም በውጭ አገር በሚታተሙ የሞዴል ሠሪዎች መጽሔቶች ላይ እጽፋለሁ። ስለ ፎቶግራፎቹ አቀራረብ የምለምናችሁ ነገር ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ልኬላችኋለሁ።

በሙያው እጅግ የተለመደው ልክ 1 ለ35 (ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው) ሲሆን፣ መነሻውም የጃፓኑ ሞዴል አምራች ኩባንያ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው በሞተር የሚንቀሳቀስ፣ ፓንተር የተባለው የጀርመን ታንክ ሞዴል ነው፤ መጠኑ የተወሰነው ባትሪዎቹ በሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ታስቦ ነበር። አጀማመሩ እንዲህ ቀላል ይሁን እንጂ ዛሬ ስለ አንድ ሞዴል የሚጽፍ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሞዴሉ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከሳጥኑ የወጣው ፕላስቲክ የትኛው እንደሆነ፣ ሠሪው ከነሐስ ወይም ከሌላ ፕላስቲክ ቆርጦ የጨመረው የትኛው እንደሆነ በቀለም ልዩነቱ እንዲለይ ነው። ለተጨመረውም ሁሉ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃ የሚባለውም በአብዛኛው ፎቶግራፍ ነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ጦር በሽሬ፣ በደምበጉይና መተላለፊያ፣ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጥሞ ድል አድርጓል። ሲቪ 33 የሚባለው ይህ ታንክ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ያለፈ፣ ብረቱም ከ15 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነበር። የሚሽከረከር አናት ስላልነበረው መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጎንና ከኋላ ደፍሮ የተጠጋውን ተዋጊ መከላከል አልቻለም። የቻይናው ሞዴል አምራች ብሮንኮ ይህንኑ ታንክ በ1 ለ35 ልክ አውጥቶታል፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብዙ የውጭ አገር ሠሪዎች ገዝተው በጥንቃቄ ይሠሩታል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ከታንኩ አጠገብ የሚቆሙት ሰዎች ጉዳይ ነው። የጣሊያኑ ወታደር እስከ ቁልፉ ድረስ ተጠንቶ ሲቀርብ፣ የኛ ተዋጊ ግን በግምት ይሠራል። ከጎጃም ለዘመተ የራስ እምሩ ጭፍራ የክብር ዘበኛን የካኪ ልብስ አልብሰው ያቆሙትን አይቻለሁ። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ ከእጃቸው የሚገባው ፎቶግራፍ በአብዛኛው ጣሊያኖች ያነሡት ነውና። እኛ ዘንድ ያለው ደግሞ በየቤተሰቡ ሣጥን ተቀምጧል፣ ወይም በጋዜጣ ሲወጣ የጀግናው ፊት ጎልቶ እንዲታይ ዙሪያው ተቆርጦ ይቀርባል። የተማረከው ታንክ መትረየሱ አንድ ይሁን ሁለት፣ ሰንሰለቱ ወልቆ ይሁን ሳይወልቅ፣ ተዋጊው ምን ታጥቆ እንደነበረ የሚያሳየው ያ የተቆረጠው ክፍል ሊሆን ይችላል።

ቀለምን በተመለከተ ፎቶግራፍ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ዘመን ከነበሩት የፊልም ዓይነቶች አንዳንዶቹ ቀዩን እንደ ጥቁር ያሳዩ ስለነበር፣ የነጭና ጥቁር ሥዕል አይቶ የአንድን ጨርቅ ወይም የአንድን ታንክ ቀለም ለይቻለሁ ማለት ያስቸግራል። ይህን የሚያቃናው አባቶች የተናገሩትና የጻፉት ነው፤ ለቤተሰብ የተነገረች አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ትጠቅማለች።

ስለዚህ ለመጪው የሚያዝያ 27 እትማችሁ ፎቶግራፎቹን ሳትቆርጡ ከነዳርቻቸው እንድታትሙ፣ ከሥራቸውም ቦታውን፣ ጊዜውንና የተገኙበትን ቤተሰብ ወይም መዝገብ ቤት እንድትገልጹ በአክብሮት እለምናለሁ። አንባቢዎችም የአያቶቻቸውን ፎቶግራፍ ሲልኩላችሁ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ እሱንም አንሥተው እንዲልኩ ብታሳስቧቸው መልካም ነው፤ ቀኑና የቦታው ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ